በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ፤ የአንጎል ጉዳት የደረሰበት ወገናችንና አስታማሚዎቹ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሲያርፍ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ። ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እየተቈጠረ ይታሰባል። ኀዘናችን ሥርዓት አለው፤ የሚጀመርበትም ልብስ የሚቀየርበትም ቀን አለው። በመኪና አደጋ፣ ከሕንፃ ሥራ ላይ በመውደቅ ወይም በዱላ ምት ጭንቅላቱ ተጎድቶ፣ ሳምንታት ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ በእግዚአብሔር ቸርነት ዐይኑን የገለጠ፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ያልሆነ ሰው ያለበት ቤት ግን ምን ዓይነት ኀዘን ያዝናል? ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈላችሁ» ይላል፤ ልክ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል። ሚስቱ ግን ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። የምታለቅሰው አጠገቧ ለተኛው ሰው ነው። ለዚህ ለቅሶ ድንኳን አይተከልም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚላትም የለም። እርሷም «ባሌ ሳይሞት እንዴት አለቅሳለሁ? ማመስገን ሲገባኝ ማጉረምረሜ አይደለምን?» እያለች ራሷን ትከስሳለች።

ይህን ዓይነቱን ኀዘን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊት ምሁር ፓውሊን ቦስ «ያልለየለት ማጣት» በሚል ስያሜ አስታውቀውታል። ሰውየው በአካል አለ፤ የምናውቀው ጠባዩ፣ ጨዋታው፣ ምክሩ ግን የለም፤ ወይም አንድ ቀን ብቅ ብሎ በማግሥቱ ይሰወራል። ማልቀስም ተስፋ ማድረግም በአንድነት ስለሚመጡ ልብ ያርፍበት ያጣል። ስለዚህ በቅድሚያ ለአስታማሚዎች የምንለው ይህ ነው፤ ማዘናችሁ ምስጋና ማጣት አይደለም። ጌታችን እንደሚያስነሣው እያወቀ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ተስፋ ያለውም ያለቅሳል።

አንጎል ሲጎዳ ምን ይሆናል?

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በውኃ መሰል ፈሳሽ ተከቦ የሚኖር፣ ለስላሳ፣ በአዋቂ ሰው ላይ ወደ 1.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን አካል ነው። ራስ በኃይል ሲመታ ወይም በድንገት ሲናወጥ ይህ ለስላሳ አካል ከራስ ቅሉ ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ይደማል፤ ያብጣል። አጥንቱ የማይሰፋ በመሆኑ እብጠቱ መውጫ አጥቶ ጤነኛውን ክፍል ይጫነዋል። ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ የራስ ቅሉን አጥንት ከፊሉን አንሥተው የሚያቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። የንቃቱን መጠን ለማወቅም ዐይን መግለጡን፣ መናገሩንና መንቀሳቀሱን አይተው ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 8ና ከዚያ በታች ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው ይባላል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የነበረ ሰው ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ «ይተኛና ይሻለዋል» ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ለጥቂት ሰዓታት ደኅና መስሎ እየተነጋገረ ቆይቶ በውስጥ ደም መፍሰስ የሚሞት አለና።

ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው ከሐኪም ቤት ከተወጣ በኋላ ያለው ነው። የቆሰለው ቦታ ጠግጓል፤ ጸጉሩም በቅሏል፤ ሰውየው ይበላል፣ ይራመዳል። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን ቁጣን የምንገታበት፣ ከመናገራችን በፊት የምናመዛዝንበት፣ ሥራ ለመጀመር የምንነሣሣበት ነው። እርሱ ሲጎዳ ትዕግሥተኛው ግልፍተኛ ይሆናል፤ ጨዋው በሰው ፊት የማይነገር ይናገራል፤ ታታሪው ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል። በጆሮ ግንድ አቅጣጫ ያለው ክፍል ሲጎዳ ደግሞ የዛሬ ጠዋቱ ይረሳል፤ ያንኑ ጥያቄ ዐሥር ጊዜ ይጠይቃል። ስንፍና ወይም ንቀት የሚመስለን ብዙው ነገር የሕመሙ ምልክት ነው።

በሕክምና ታሪክ በእጅጉ የሚታወቀው የፊንያስ ጌጅ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የባቡር ሐዲድ ሥራ ኃላፊ የነበረ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ዐለት ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈንድቶ የብረቱ ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በዐናቱ ወጣ። አልሞተም፤ መናገርና መራመድም አላቃተውም። ያከመው ሐኪም ጆን ሃርሎ እንደ መዘገበው ግን፣ ጠንቃቃና ተወዳጅ የነበረው ሰው ግልፍተኛና ተሳዳቢ ሆኖ ወዳጆቹ «ያ የምናውቀው ጌጅ አይደለም» እስኪሉ ድረስ ተለወጠ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እዚህ ላይ እየቆመ ነው፤ ይህ ደግሞ ተገቢ አይመስለኝም። ጌጅ ከዚያ በኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ እየነዳ ለዓመታት ሠርቷል፤ በሚጥል ሕመም ተይዞ ያረፈውም አደጋው ከደረሰበት ከ11 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1860 ነው። ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት የሆነና በሰዓት የተወሰነ ሥራ ለተጎዳ አንጎል ምርኩዝ ይሆነዋል። ፈጣኑ ለውጥ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይታያል፤ ከዚያም እየዘገየ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በዓመቱ ያልቻለውን በሦስተኛው ዓመት የሚችል አለ። ጨርሶ እንደ ቀድሞው የማይሆንም አለ፤ ይህንንም ደብቆ ቤተሰቡን በየሱባዔው አዲስ ቀጠሮ ማስቈጠር ተገቢ አይደለም።

ነፍሱስ ወዴት ሄደች?

አስታማሚዎች አፍ አውጥተው የማይጠይቁት፣ በልባቸው ግን የሚያብሰለስሉት ጥያቄ ይህ ነው። «ያ ሰው ራሱ ነው ወይስ ሌላ?» በትምህርተ ሃይማኖታችን ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሕይወት ትኖራለች። በዚህ ዓለም ሳለች ግን አሳቧንና ቃሏን የምትገልጠው በሥጋ መሣሪያነት ነው። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ሰው አፈጣጠር በጻፈው ድርሳኑ ይህን በዜማ መሣሪያ መስሎ ያስረዳል። ባለሙያው ምንም ቢራቀቅ፣ መሣሪያው አርጅቶ ወይም ወድቆ ተሰብሮ ከሆነ ዜማው አይወጣለትም። ጥበቡ ከባለሙያው አልራቀም፤ መሣሪያው ግን አልታዘዘውም። እኛም በበገና ልናየው እንችላለን። ከዐሥሩ አውታር ሦስቱ ቢበጠሱ ደርዳሪው ሞተ አንልም። አውታሩ የቀረውን ይዞ ሲደረድር፣ ጎደሎውን ዜማ የሰማ ሰው ግን ደርዳሪው ትምህርቱን የረሳ ሊመስለው ይችላል።

እንግዲህ ስሟን የረሳት ልጁ፣ ለእርሱ አሁንም ልጁ ናት። በአርባ ቀኑ የተቀበለው ልጅነት፣ የተቀባው ሜሮን፣ በተክሊል ወይም በቁርባን የጸና ጋብቻው ከአንጎሉ መድማት ጋር አብረው አልፈሰሱም። ቤተ ክርስቲያን ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን የምታጠምቀውና የምታቈርበው የእግዚአብሔር ጸጋ በእኛ ማስታወስ ላይ የተመሠረተ ስላልሆነ ነው። ሕፃኑን ያልከለከለች እናት በአደጋ እንደ ሕፃን የሆነውን እንዴት ትተወዋለች? እንዴትና መቼ ይቈርባል፣ ጾሙስ እንዴት ይሁን የሚለውን የንስሐ አባት ይወስናሉ። ቀኖናውም የሥጋ ድካም ያለበትን ሰው ከጤነኛው ለይቶ የሚያይ ነውና፣ መድኃኒት የሚወስደውን ሕመምተኛ ቤተሰቡ በራሱ ሥልጣን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊያስጾመው አይገባም።

በአገልግሎት ምክንያት ከካህናት ጋር ወደ ሕሙማን ቤት ስሄድ ደጋግሜ ያየሁትን ላንሣ። ቁርሱን መብላቱን የማያስታውስ ሰው ካህኑ አቡነ ዘበሰማያትን ሲጀምሩ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ይደግማል። ንግግር የተሳነው አንዱም የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሲዘመር ቃሉን ከነዜማው አውጥቷል። ሐኪሞችም ይህን ያውቁታል፤ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ነገር አዲስ ከሚያዘው ይልቅ ይጸናል፤ ዜማም ንግግር በተዘጋበት በር በሌላ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። በአብነት ትምህርት ቤት «በቃል ያለ» የሚባለውን የተማርን ሰዎች ለምን እንደ ነበረ ዘግይቶ ይገባናል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በአጠገቡ ሆናችሁ በአንድ ዓይነት ሰዓት አንድ ዓይነት ጸሎት አድርሱ። አጭር ይሁን። ባይከተላችሁም አታቋርጡ።

ጋኔን ነው? ኀጢአት ነው?

ግልፍተኝነቱን፣ መጮኹን ወይም መንቀጥቀጡን ያየ ሰው ፈጥኖ «ርኩስ መንፈስ ይዞት ነው» ይላል። ርኩሳን መናፍስት ሰውን እንደሚያስጨንቁ ቅዱስ ወንጌል ያስተምረናል፤ ያው ወንጌል ግን ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውንና ሽባዎችን ለይቶ ይጠራቸዋል (ማቴ. 4፥24)። ሁሉን በአንድ ስም መጥራት ከወንጌሉ አልተማርንም። ከአደጋው በፊት ያልነበረ፣ ከአደጋው በኋላ የመጣ ጠባይ ቅድሚያ የሚመረመረው በሐኪም ነው። «ምን በድሎ ነው?» ለሚለውም መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል። በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሁሉ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታችን ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)። ከፎቅ ሥራ ላይ የወደቀው ወንድማችንም እንደዚሁ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በጥብቅ ልንናገረው የሚገባ ነገር አለ። የአንጎል ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ለአንዳንዶቹ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ቢሆን የሚጥል ሕመም ይነሣባቸዋል። ለዚህ የታዘዘውን መድኃኒት «ጸበል ልንገባ ነው» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ያለ ዕረፍት እንዲደጋገምና ለሞት እንዲያደርስ ሊያደርገው ይችላል። ጸበሉ መድኃኒቱን አይጣላም። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን፣ በሽተኛም ጸልዮ ለሐኪም ደግሞ ቦታ እንዲሰጥ መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራል (ሲራ. 38፥1-15)። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመነ ፕትርክናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ ማስተማራቸው ይታወሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰዓቱንም ጠብቁ። ለአጥማቂው አባት የሕመሙን ታሪክ አስቀድማችሁ ንገሩ። የራስ ቅሉ አጥንት ተነሥቶ ከሆነ ያ ቦታ ከቆዳ በቀር መከለያ የለውምና ከከፍታ በሚወርድ ጸበል ሥር እንዳይቆም፣ በመቋሚያም ሆነ በእጅ እንዳይመታ፣ በግርግር እንዳይገፋ ተጠንቀቁ፤ በጽዋ ተቀድቶ ቀስ ብሎ ቢጠመቅ በረከቱ አይቀንስም። ብቻውን ወደ ውኃ አይግባ። በሰንሰለት ማሰርና መግረፍ ግን ሕክምናም ጸሎትም አይደለም። ጸሎተ ቀንዲልም ለሕሙማን የተሠራ ምሥጢር ነውና (ያዕ. 5፥14) ሰው ሊሞት ሲል ብቻ የሚታሰብ አድርገን አንቍጠረው።

በቤት ውስጥ

የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል። ለእኛ ደስ የሚለን ጠያቂ የሞላበት ቤት፣ ቡናው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሕፃናቱ ጩኸት ለእርሱ እንደ ዱላ ነው። ብዙ ጊዜ «በድንገት ተቈጣ» የሚባለው ይህ ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግቡ፤ አንዱ ይናገር፤ ሌላው ይስማ። ጠያቂዎች የሚወዱት «ማነኝ? አወቅኸኝ?» የሚለው ፈተና እጅግ ይጎዳል። መልሱን ያጣ ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ይቈጣል። «እኔ ታናሽ እኅትህ ነኝ፤ ልጠይቅህ መጣሁ» ማለት ምን ያስቸግራል? የቀኑን ሥራ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ዕቃን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ፣ ምርጫ ሲሰጠው ከሁለት ነገር አለማብዛት ይረዳል። የሚችለውን ራሱ እንዲሠራ መታገሥ ደግሞ ከመሥራት ይከብዳል፤ ግን ቍልፉን እስኪቈልፍ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ክብሩን መጠበቅ ነው። ጠላና አረቄ በበዓልና በዝክር ቤት «ለበረከት ቅመስ» ተብሎም ቢሆን አይሰጠው፤ ለሚጥለው ሕመም መንገድ ይከፍታልና።

ስለ መምታት በግልጽ እንነጋገር። ሕመምተኛው ሚስቱን ወይም ልጆቹን የሚማታ ከሆነ «ቻዪው፣ መስቀልሽ ነው» ብሎ መሸኘት መንፈሳዊ ምክር አይደለም። መታገሥ ሕፃናትን ለአደጋ መተው ማለት አይደለም። ለሚያክመው ሐኪም ይነገር፤ ቁጣውን የሚቀንስ ሕክምና ሊኖር ይችላል። ዘመድ በቤት ውስጥ ይደር፤ ስለት ያለው ነገር ከዐይን ይራቅ፤ አስፈላጊ ሲሆንም ልጆቹ ለጊዜው ወደ ዘመድ ይሂዱ። ሚስት ይህን ስታደርግ ቃል ኪዳኗን አላፈረሰችም።

የአስታማሚው ጸሎት

ለንስሐ አባት ለመናገር የሚያስፈራ አንድ አሳብ አለ፤ «ያን ቀን ሞቶ ቢሆን ይሻል ነበር» የሚል። ወይም «እኔ በሞትሁ» የሚል። ለዓመታት ያስታመመ ሰው ልብ ውስጥ ይህ አሳብ ቢያልፍ አያስደንቅም። ሙሴ የሕዝቡ ሸክም ሲከብደው፣ እንዲህስ ከምታደርግብኝ ግደለኝ ብሎ ለመነ። እግዚአብሔር አልተቈጣውም፤ ሸክሙን ከእርሱ ጋር የሚሸከሙ 70 ሽማግሌዎች ሰጠው እንጂ (ዘኍ. 11፥14-17)። ኤልያስም ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ሲለምን መልአኩ ያመጣለት ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፤ ተኛ፤ ደግሞም ተቀስቅሶ በላ (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። ሁለቱም ነቢያት በዚያ ጸሎታቸው አልሞቱም፤ የጎደላቸው ሰውና ዕረፍት ነበር። እኅቴ፣ ይህን አሳብ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እንቅልፍ ከራቀሽ፣ እንጀራ ካስጠላሽ፣ ራስሽን ለመጉዳት የሚገፋፋሽ አሳብም ከደጋገመ ለሐኪምም ንገሪ።

አባቶች ካህናትም ሕመምተኛውን በመስቀል ባርከው ሲወጡ ደጃፍ ላይ አስታማሚዋን «አንቺስ ተኝተሻል?» ቢሏት ከረጅም ስብከት ይበልጥባታል።

70ዎቹ እነማን ናቸው?

የአንጎል ጉዳት ያለበትን ሰው አንድ ሰው ብቻውን ሊያስታምመው አይችልም። በመጀመሪያው ወር ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ በስድስተኛው ወር ስልኩም አይጮህም። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ዘይትና ወይን አፍስሶ ብቻ አልተወውም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ አብሮት አደረ፤ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ ተመልሶ ሲመጣ የጎደለውን እንደሚሞላ ቃል ገባ (ሉቃ. 10፥34-35)። ብዙዎቻችን ዘይቱ ላይ ነን፤ ሁለተኛው ዲናር ላይ ግን አንገኝም። ሜምፊቦስቴም በአምስት ዓመቱ ከሞግዚቱ እጅ ወድቆ ሁለት እግሩ ሽባ የሆነ ሰው ነበር (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። ንጉሡ ዳዊት ስለ ወዳጁ ስለ ዮናታን ብሎ ሁልጊዜ ከማዕዱ እንዲበላ አደረገው። ምጽዋት ልኮለት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር፤ እርሱ ግን ከንጉሥ ልጆች እንደ አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ጽዋ የሚጠጣበት ማኅበር ያለው ሰው ሲጎዳ ወንበሩ ተነሥቶ ከሆነ ይመለስለት። ማኅበርተኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጸሎቱን አሳጥረው፣ በወር አንድ ቀን በእርሱ ቤት ቢሰበሰቡ የሚከለክላቸው ሥርዓት የለም።

ዕድራችንም አለ። አብዛኛው ዕድር ለሞተ ሰው እንጂ ለቆሰለ አይከፍልም። በሕይወት ያለው ግን ለፊዚዮቴራፒ የሚሄድበት የታክሲ ሒሳብ፣ በየወሩ የሚገዛ መድኃኒት፣ ሥራ ያቆመ ደመወዝ አለበት። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይህን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ለአንድ ምእመን ይቻለዋል። በሰንበት ትምህርት ቤትም ወጣቶች የተራ መዝገብ ይዘው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ እሑድ ሌሊት ቅዳሴ ሳይገባ ወደ ሕመምተኛው ቤት ሊሄዱ ይችላሉ። አስቀድመው ግን ሕመሙ ሲጥለው ምን እንደሚያደርጉ ይማሩ። በጎኑ ያስተኙታል፤ በአፉ ምንም አይጨምሩም፤ ክብሪት አያሸትቱትም፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ያደርሱታል። ያን ሰንበት ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ሰዓቷን ሳታይ አስቀድሳ፣ ቈርባ፣ የዕጣኑ ሽታ በልብሷ ላይ እንዳለ ትመለሳለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።